ከዝርዝሩ የቀረው

«ፍሪጁ ይቅር፣ ትንሹ ባትሪ ይበቃል ትላለህ፤ ኳስህ ግን ካልታየ ትሞታለህ!» አለች ሚስት።

«አንቺ ደግሞ ያለ ትልቅ ነገር አይሆንልሽም» አለ ባል።

ሶላር ሊገጥምላቸው የመጣው ባለሙያ መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች እየጠየቀ ይጽፍ ነበር። በዚህ መሃል ቤቱ ድንገት ጸጥ አለ። መብራት ሄዷል። ከአማቷ ክፍል ቀንና ሌሊት ሲያጓራ የኖረው፣ ከመልመዳቸው የተነሣ መስማት ያቆሙት የኦክስጅን ማሽንም ቆሟል። ሁለቱም ክው አሉ። እሱን አንዳቸውም አላስጻፉትም።

«እማዬ!» ብሎ ባል ወደ ክፍሉ ሮጠ፤ ሚስትም ተከተለችው።

ሲደርሱ አሮጊቷ ቱቦውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያቃስቱ ነበር። ሚስት የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ያዘች፤ ጠብቆ አልዞር አላት። ባል እጁን በእጇ ላይ ደርቦ አዞረው፤ ቱቦውንም ከማሽኑ ነቅሎ ሲሊንደሩ ላይ ሰካው። ከዚያ ተንበርክከው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የእናትየው ደረት ከፍ እስኪል ጠበቁ፤ ከፍ አለ።

ባለሙያው ቴሌቪዥኑን ሰረዘና ከሁሉም በላይ «የእናት ማሽን» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።