ለረጅም ቄስ የተሰፋ ልብስ

ልብስ ሰፊዋን የሰደበቻት የእናቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ናት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር ላይ፣ ሰባት ሴቶች እየሰሙ። ማንም ሳያዛት የጠለፈችውን የመሠዊያ ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ "ይሄማ የሶፋ ልብስ ነው። አንቺ ዚፕሽን ቀይሪ!" አለቻት። ሰባቱም ሳቁ። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ልብስ ሰፊዋ ዛሬም አትረሳም።

ከዚያ ወዲህ ዚፕ ስትቀይር ኖረች። ለቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ክር አላስገባችም።

ዛሬ አዲሱ ቆሞስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀድሱበት ቀን ነው፤ እሷም ልብሰ ተክህኖ በሚለበስባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስፒል በአፏ ይዛ ተንበርክካለች። ያስጠራቻት ያቺው ሊቀመንበር ናት። ቄስ በሜትር መለካት ድፍረት ነው ተብሎ፣ ማኅበሩ ልብሱን ያዘዘው በቀድሞው ቆሞስ ቁመት ነው። የቀድሞው በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ነበሩ። አዲሱ ከትከሻቸው አይደርሱም። አንድ እርምጃ ሞክረው ጠረጴዛውን ባይዙ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር።

ቅዳሴው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

"በስፒል ያዝ ያዝ አድርጊውና ይብቃ" ትላለች ሊቀመንበሯ።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ ታወጣለች። "ወደ መሠዊያው ሦስት ደረጃ ነው የሚወጡት። ስፒል አይችለውም። መቆረጥ አለበት።"

"አብደሻል እንዴ? ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር እኮ ነው! ብታበላሺውስ? ምን ለብሰው ሊቀድሱ ነው?"

ቆሞሱ ይስቃሉ። "እትዬ፣ እኔን እግዜር አሳጥሮ ፈጠረኝ። ልብሱን እሷ ብታሳጥረው ምን አለበት?" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር ይላሉ። "ትችያለሽ?"

ቢበላሽ ከዚህ ሰፈር መሰደድ ነው።

"እችላለሁ፣ አባ።"

ልብሱን አውልቀው ይሰጧታል። "እመቤቴ፣ አደራሽን" ትልና በስመ አብ ብላ መቀሱን ታስገባለች። ሜትር የለ፣ ጠመኔ የለ፤ በዓይኗ ብቻ። ሐሩ እሽ ብሎ ሲሄድላት እጇ ይፈጥናል። ጠርዙን አጥፋ ትሰፋዋለች። ሊቀመንበሯ ከአናቷ ላይ ቆማ ስትተነፍስ ትሰማታለች፤ ግን እንደ ጎዳና ጫጫታ ከሩቅ ነው። እንዲህ ደስ ብሏት የሰፋችው መቼ ነበር?

ቆሞሱ ለብሰው ክፍሏን ሁለቴ ይመላለሱባታል። ጠርዙ የጫማቸውን አፍንጫ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ሊቀመንበሯ ጎንበስ ብላ ስፌቱን ትፈልጋለች። አታገኘውም።

ደወሉ ይደወላል። ቆሞሱ ይወጣሉ።

"አንቺ!" ትላለች ሊቀመንበሯ ቀና ብላ፤ ፊቷ ላይ የእውነት መገረም ነው ያለው። "እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?"

መልሱ የልብስ ሰፊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ነው። በቁጣ የበሰለ፣ ቃሉ የተመረጠ፣ ስንት ጊዜ በልቧ የተለማመደችው። አፏን ትከፍታለች።

በተከፈተው በር በኩል ቆሞሱ ወደ መሠዊያው ሲወጡ ይታያሉ። አንድ ደረጃ። ሁለት። ሦስት። እግራቸውን አንዴም አያዩም።

መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሊቀመንበሯን እዚያው ትታ ወደ ሕዝቡ ትወጣለች።