በነፃነት ተናገር

“ተቃወመኝ እንጂ፣” እለዋለሁ።

“ያሉት ሁሉ ልክ ነው ዶክተር፣” ይለኛል ቶሎሳ። ከገባ ጀምሮ ሌላ ቃል አልወጣውም። እንግሊዝኛው ያስቸገረው መስሎኝ ፈተናውን ወደ አማርኛ አዞርኩለት፤ በአማርኛም ልክ ነኝ።

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ የማስተምርበት ኮሌጅ፣ ቢሮዬ ውስጥ ነን። የታሪክ ትምህርት የቃል ፈተና ነው። ከኬፕታውን እስከ ካይሮ እንደኔ አእምሮው ክፍት የሆነ መምህር ከተገኘ ይህን የተፈራ ጢሜን እላጫለሁ። ሕጌ አንድ ነው፦ ያስተማርኩትን አፍርሶ የሚሟገተኝ ያልፋል፣ የሚደግመኝ ይወድቃል። ጠዋት ኦቲየኖ የሚባል ጎረምሳ ጠረጴዛዬን እየደበደበ የዓመት ትምህርቴን እንደ አሮጌ ሹራብ ተረተረው። እየሳቅሁ ከፍተኛውን ውጤት ሰጥቼ ሸኘሁት።

ያገሬ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ “ልክ ነው” ይላል። ቢወድቅ ቤተ ክርስቲያኑ የምትከፍልለት ገንዘብ ይቆማል፣ የተማሪነት ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ሞያሌ ነው፤ ከሞያሌ ወዲያ ደግሞ ደርግ አለ። ይህን እያወቀ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?

ምን ዓይነት እንደሆነማ አውቃለሁ። ናይሮቢ ውስጥ ሦስት ኢትዮጵያውያን አብረው ምሳ ከበሉ አራቱ ሰላዮች ናቸው። እኔ ደግሞ ከተማው ዳር ሩንዳ ሰፈር ቆሜ፣ ማዶ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለውን የደርግ ጆሮ አሸታለሁ። ሰላይ አይከራከርም። ራሱን እየነቀነቀ አንተን ያስለፈልፍሃል፤ የለፈለፍከውን ዋጋ አገር ቤት ያለችው እህትህ ትከፍላለች።

ስለዚህ አጠምድለታለሁ።

“የመሬት አዋጁ የጠራራ ፀሐይ ዝርፊያ ነው ብዬ አስተምሬአለሁ። አይደለም እንዴ?”

“ልክ ነው።”

“ቆይ፣ ሳስበው ግን ደርግ ከሠራው ሁሉ ደጉ እሱ ሳይሆን አይቀርም።”

“እሱም ልክ ነው።”

“ቶሎሳ፣ ማነው የላከህ?”

ቀና ይላል።

“እርስዎንስ?”

እኔን? እኔን እንኳን ሰው መልአክም ልኮኝ አያውቅም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ ይናገራል፤ ድምፁ የውጪው የማታቱ ታክሲ ጥሩምባ ሊውጠው ምንም አልቀረው።

“ነቀምት ተማሪ ሳለን የውይይት ክበብ ነበረን። ካድሬው እንደርስዎ ሳቂታ ነው። ‘በነፃነት ተናገሩ፣ የሚቃወመኝን እወዳለሁ’ ይለናል። ወንድሜ ፈይሳ አፉ አያርፍም፤ ተነሥቶ ተቃወመው። ካድሬው ‘ጎበዝ’ ብሎ አጨበጨበለት። እኛም አጨበጨብን። በሳምንቱ ከቤት ወሰዱት፤ ሬሳውንም አልሰጡን።”

“እኔኮ ካድሬ አይደለሁም።”

“እሱም ‘ካድሬ አትበሉኝ፣ ወንድማችሁ ነኝ’ ነበር የሚለው።”

ይህ ምላስ ስንት ሚኒስትር አፍ ያስያዘ ነው፤ አሁን ግን የሚሸሸግበት ሕጌን ብቻ ያገኛል።

“እንግዲህ ካልተቃወምከኝ ማሳለፍ አልችልም፣” እላለሁ። “ሕጉን ላንተ ብቻ ብለውጠው ሌሎቹ ምን ይሉኛል?”

“ገብቶኛል ዶክተር።”

ይነሣል። ወንበሩን አንሥቶ በሩን ይከፍትና ደፉ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ እግሩን ቢሮዬ ውስጥ፣ አንዱን ኮሪደሩ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ግራና ቀኝ ያያል።

“ተሳስተዋል፣” ይላል። “አባቴ ጭሰኛ ነበር። ካረሰው ግማሹን ለባላባቱ ይሰፍራል። እህሉን ሳያካፍል ጎተራው ያስገባው በዚያ አዋጅ ነው፤ ያን ቀን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ልጁን የገደሉት እነሱ ናቸው፣ መሬቱን የሰጡትም እነሱ። እርስዎ አንዱን ብቻ ነው የሚያስተምሩት።”

አዋጁ የወሰደው ያባቴን መሬት ነው። ቁራ እንኳ እሱን አቋርጦ ለመብረር ስንቅ ይይዝ ነበር። የሚገኘውም እነቶሎሳ አገር፣ ወለጋ ነበር።

“የባላባቱ ስም ማን ነበር?”

ያባቴ ስም እንዳይሆን ብዬ ነው የጠየቅሁት። ለቶሎሳ ግን ስም የሚሰበስብ ሰው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ዓይኑ መሳቢያው ውስጥ የገባው ቀኝ እጄ ላይ ነው። ሲጋራ እየፈለግሁ ነበር።

ሲጋራውን እተወዋለሁ። ሁለቱንም እጆቼን በዝግታ አወጣና፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ፣ እንዲያያቸው ጠረጴዛው ላይ እዘረጋቸዋለሁ።