በዋይፋዩ ላይ ያለው እንግዳ

ጎረቤቷ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርግና ጣሳ ውስጥ እንትፍ ይላል። ጣሳው ሲሞላ አጥሯ ሥር ይደፋዋል። ጢሙ ከሲጋራ ብዛት ቢጫ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ፣ «ስታስዪ ሰማሁ ልጄ፤ ዝንጅብል ሞክሪበት» አላት።

ያሳለችው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነበር፤ መስኮቱም ዝግ ነበር። ሰውነቷ ላይ ትል የሄደባት መሰላት። ከዚያ ወዲህ ልብሷን የምትቀይረው መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ነው። ይኼ ነገር ካልቆመ ቤቱን ለቃ እናቷ ጋ ልትገባ ቆርጣለች።

ዛሬ ታናሽ እህቷ ሳትናገር ከች አለች። ኮምፒውተር ነው የምትማረው። መኝታ ቤት ጥግ ላለው አሮጌ ኮምፒውተር አውራ ጣት የምታክል የዋይፋይ መቀበያ ገዝታለታለች።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«ባሌም ጠዋት ደውሎ እንደዚሁ አለኝ። ቁርስ ሳትበዪ መልሰሽ ተኛሽ አይደል ብሎ ተቆጣኝ።»

«እዚያ ሌላ ከተማ ተቀምጦ? ለእኔም እንዲህ ልቤን የሚያውቅ ይስጠኝ።»

መቀበያውን ሰካች፤ ሶፍትዌሩን ጫነች።

«የይለፍ ቃላችሁ?»

«ከአንድ እስከ ስምንት። ባሌ ነው ያስገባው።»

«በሩን በክር አስሮ መተኛት ይሻል ነበር።»

ቀጥሎ ዋይፋዩን የሚጠቀሙትን ሁሉ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች።

«ስልክሽ። ስልኬ። ኮምፒውተሩ። ይኼኛውስ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ።»

ከግድግዳው ማዶ ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱም ወደዚያው ዞሩ።

«በእናንተ መስመር ቆሻሻውን ሲያይ ነው የሚውለው» አለች እህቷ። «እዚህ ከገባ ደግሞ ኮምፒውተርሽንም ለመነካካት አይቸገርም።»

«ፎቶዎቼ አሉበት» አለች። ምራቋ አፏ ውስጥ መረረ።

እህቷ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም የይለፍ ቃል አስገባች። ያልታወቀው ከገጹ ላይ ጠፋ።

«ወጣልሽ። ይኼንን ለማንም እንዳትሰጪ።»

እሷ ግን አልበቃትም። የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተች።

«ሁለተኛ ወደ ቤቴ ዞር ብለህ እንዳታይ፤ አንተ ቆሻሻ ሽማግሌ።»

ሹፌሩ ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

መስኮቱን ድርግም አደረገችበት። እህቷን ሸኝታ ተመለሰችና መኝታ ቤቷ መሀል ቆማ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ ልብሷን ቀየረች። ስልኳ ጠራ። ባሏ ነው።

«ከእህትሽ ጋር ምን ነካካችሁ?» አላት። «መኝታ ቤቱ ከስልኬ ላይ ጠፋብኝ እኮ።»