ሁለት ስንዝር

ልጆቼ፣ በእኛ ዘመን ቤት ስዕሉን ይታዘዛል። ዛሬ በኮምፒውተር ከቤቱ ስዕል ላይ አንድ መስኮት ብትሰርዙ፣ ነገ ቦታው ግድግዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ባለቤቴ አቶ ባይለየኝ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደጅ መደቡ ላይ ስቀመጥ ጠፈጠፍ እንዳይነካኝ ብሎ በዚያ በኩል የጣራውን ጠርዝ ሁለት ስንዝር አስረዝሞት ነበር፤ በገዛ እጁ ለክቶ። ባለፈው ሳምንት የቤቱ ስዕል ተበላሸና ልጃችን ምንትዋብ እንደ አዲስ ልትስለው ተቀመጠች።

«እማዬ፣ በመደቡ በኩል ጣራው ምን ያህል ይወጣል?»

«ሁለት ስንዝር።»

«ይሄ ማሽን እኮ ስንዝር አያውቅም። በይ እጅሽን ስጪኝ።»

እየሳቅሁ ዘረጋሁላት። ለካችና ቁጥሩን አስገባች።

በማግስቱ ዘነበ። እንደ ልማዴ መደቡ ላይ ብቀመጥ ጠፈጠፉ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ቀና ብዬ ሳይ ጣራው አጥሯል። ልኩን ያሳየን የነበረውን፣ የድሮው ጠፈጠፍ የቦረቦረውን መሬት እንኳ ቤቱ ደልድሎታል።

ምንትዋብ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። «ምንም አይደል እማዬ፣ አሁን እመልሰዋለሁ። የአባዬ ስንዝር ካንቺ በምን ያህል ይበልጥ ነበር?»

እጄን ገልብጬ አየሁት። ባይለየኝን አርባ ዓመት ሳውቀው እጁን ለክቼው አላውቅም።

«እጄን ሲይዘኝ» አልኳት፣ «ጣቶቼ አይታዩም ነበር።»

ጣቷ ቁጥሮቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋችና አጠገቤ፣ ጠፈጠፉ ስር ተቀመጠች።