የተቀመሰው ስም

በጫኖ የመስኖ ማኅበር ቢሮ የዕለቱ የውሃ ተራ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲወጣ ጋሽ ሻንቆ ስማቸውን ፈልገው አጡት። ሙዛቸው ደግሞ ዛሬ ካልጠጣ ነገን አይጠብቅም።

«ልጄ፣ ሳልሰማ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

የተራውን ገጽ የሠራችው ማህደር የጻፈችውን ኮድ ከላይ እስከ ታች አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ስሞቹ የተከማቹበት ዳታቤዝ መልስ መስጠቱን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ስም አስቀድማ አውጥታ ነበር፤ ገጹ የዘረዘረው የተረፉትን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው የመጀመሪያውን ቀመስኩት። የበላሁት እርስዎን ነው።»

«ጨው ነበረኝ?»

ማህደር እየሳቀች ያንን ስም አስቀድሞ የሚያወጣውን መስመር ከኮዱ አጠፋችና ገጹን እንደገና ከፈተች። የሻንቆ ስም ከሁሉ በላይ ወጣ። ሽማግሌው በጣታቸው ነኩት።

«ከእኔ ቀጥሎ ማነው?»

«ጎረቤትዎ ተስፋጽዮን።»

«እንግዲያ ቶሎ ልጨርስለት» አሉና ዶማቸውን አንስተው ወጡ።