የነገ ፊርማ

ብረቱ ጭናችን ላይ ወርዶ ጠቅ ብሎ ተቆለፈ። በመዝናኛ ፓርኩ፣ ሁለት ሰው በምትይዝ ቢጫ ጀልባ ውስጥ ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ተቀምጠናል። ከፊታችን ሰንሰለቱ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ዳገቱን ያወጣቸዋል፤ ከጫፍ ሲደርሱ ቁልቁል ወደ ውኃ ገንዳው ይለቃቸዋል። ሰው እየጮኸ ይወርዳል፣ እየሳቀ ይወጣል።

"ገና እኮ አልተነሳንም" አለ ባለቤቴ። "ካናቴራዬን ልቀቂልኝ።"

"አልለቅም።"

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አደጋ የሚያሰጋ ነገር ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ አንወጣም። እሱ ሞተር ሳይክል ላይ ከወጣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ሦስት ልጆች አሉን፤ አንዳችን ብንቀር አንዳችን እንተርፍላቸዋለን ብዬ ነው። ባለቤቴ በዚህ ሕግ አሥራ ሦስት ዓመት ሲስቅብኝ ኖሯል። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ እህቱ ቤታችን መጥታ ልጆቹን ለአንድ ቀን ያዘችልንና፣ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻችን ልንዝናና ወጣን። "ዛሬን እንኳ ስጋትሽን ቤት ቆልፈሽበት ነይ" አለኝ። እሺ አልኩ።

ጠዋት ስንወጣ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ለልጆቼ ስጽፍላቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። "ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንመለሳለን። እናታችሁ።" ከላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ ከሥር ፈረምኩ። አስተማሪያችን፣ "ፊርማ ቃል ነው፤ ሰው የፈረመበትን ነገር ወደኋላ አይልበትም" ትለናለች። ድሮ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትም ነበር እንጂ ቃል መስጠቴን አላውቅም።

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያየሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። ባለቤቴ "ካንቺ ጋር መንገድ መሄድ ግድግዳ መቁጠር ሆነ" ይላል። ዛሬም በሩ ላይ ያለውን ማሳሰቢያ ከላይ እስከ ታች ሳነብ ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም።

ጀልባችን ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከጎኔ ባለው ምሰሶ ላይ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አየሁ። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። የዕ-ለት ም-ር-መ-ራ። ከሥሩ፣ "በየቀኑ ጠዋት፣ ሰው ከመጫኑ በፊት ተመርምሮ የሚሞላ።" ከዚያ ሰንጠረዥ። ቀን። ሰንሰለት። ፍሬን። ፊርማ።

አንድ፤ ደህና፣ ደህና፣ ፊርማ። ሁለት፤ ደህና፣ ደህና፣ ፊርማ። ደስ አለኝ። እንደኔ የሚሰጋ ሰው እዚህም አለ አልኩ በልቤ። እየወረድኩ ሄጄ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ። የዛሬ ቀን ነው፤ ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ደህና፣ ደህና፣ ፊርማ።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። አሥራ ስምንትም ደህና ነው። አሥራ ዘጠኝም ደህና ነው። እስከ ሠላሳ ድረስ ባዶ ቦታ የለም። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ታች ሲደርስ የፈራሚው እጅ ሰልችቶት ፊርማው ተጎትቷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው።

"ወንድሜ" አልኩት ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሠራተኛ፣ "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"አሥራ ሰባት" አለ ወደ ቀጣዩ ጀልባ እያየ። "ቀኑ ጠፋብዎት እንዴ እትዬ? ዕረፍት እንዲህ ነው።"

የባለቤቴን ትከሻ ነካሁት። "ያንን ወረቀት አንብብልኝ።"

"መነጽሬን ከልብሳችን ጋር አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ አንባቢዋ አንቺ ነሽ።"

"ያልመጣ ቀን ፈርመውበታል።"

"ምን?"

"ነገን ፈርመውታል። ፍሬኑ ነገም ደህና ነው ይላል፣ ከነገ ወዲያም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።"

ሳቀ። ሳቁ በጀርባው በኩል ደረቴ ላይ ተሰማኝ። "ተሳስተሽ ይሆናል፣ ተማሪዬ። ደግሞ አታሟርቺ።"

የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ ሁሉንም እሱ ሲያነብልኝ ነው የኖርኩት። ከኋላችን ያሉት ወጣቶች "እንሂድ እንጂ" እያሉ የጀልባቸውን ጎን ይደበድባሉ። ሰው ፊት መጮኽ አፈርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ ጭንቅላቱን ወደ ጎን መለስ አደረገ። አሁን አይስቅም።

"እስኪ ደግመሽ አንብቢው" አለ።

ደገምኩት። በጣቴ አየሩ ላይ እያስከተልኩ፣ ቀስ ብዬ። አሥራ ስምንት፤ ደህና። አሥራ ዘጠኝ፤ ደህና። ሃያ።

"ልክ ነኝ" አልኩት።

በዚያው ቅጽበት ከሥራችን አንድ ነገር ያዘን፣ ጀልባዋ ነቀነቀችንና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናች። ሰንሰለቱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መጎተት ጀመረ። ሰሌዳው ከጎኔ ወደ ኋላዬ፣ ከኋላዬ ወደ ታች ሄደ።

"ቆይ! አውርዱን!" አለ ባለቤቴ። ድምፁን ሰንሰለቱ ዋጠው።

ዞር ብዬ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩ። ሠራተኛው አየኝ። ሰላም ያልኩት መስሎት ፈገግ ብሎ እሱም እጁን አወዛወዘልኝ።

ቀጭ፣ ቀጭ። አንዴ ዘለል አለ፤ እንደገና ቀጭ። ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። አልለቅ አለ። ገንዳው ከላይ ሲታይ የእጅ መዳፍ ያክላል።

ከበሩ በላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ከዚህ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ዘጠኝ ከሩብ ነው። ፍሪጁ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ ፈርሜአለሁ።