ሳሎኑ ይስፋ

ባልና ሚስቱ፣ ባል ከእናቱ የወረሰውን የጭቃ ቤት ራሳቸው ማደስ ከጀመሩ አራተኛ ወራቸው ነው። አንዱን ክፍል ሲመርጉ አልጋቸውን ወደ ሌላው እየጎተቱ፣ አቧራውን ከወጡ ጋር እየበሉ ይኖራሉ። ሰውየው ከድካም ብዛት መጠየቁንም መናደዱንም ትቶታል። ሚስቱ አፍርስ ስትለው ያፈርሳል፤ ምረግ ስትለው ይመርጋል።

ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሐኪም ቤት ደርሳ መጣች። «ምንም የለብሽም አሉኝ» አለችውና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ አሳየችው።

«ይኼ ይፍረስ። ሳሎኑ ይስፋ።»

«ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል?»

«ሰው ይመጣል።»

አፈረሰው።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ፍርስራሽ አውጥተው ወለሉን ጠረጉ። ሚስቱ ፍራሹን ከአልጋው ላይ ጎትታ ከበሩ ትይዩ፣ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ አነጠፈችው።

«እስቲ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ምርጊቱ ገና ስላልደረቀ ጀርባውን በረደው። ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና በሩ ጋ ሄዳ፣ ከውጭ እንደሚገባ ሰው ቆማ አየችው።

«ትንሽ ወደ መሃል ጠጋ በል። የሚገባው ሁሉ ሊያይህ ይገባል። እናትህ ያረፉ ጊዜ ድንኳን መትከያ ግቢ አጥተን ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ።»

እሺ ብሎ ጠጋ አለ።

«እህትህ ትርንጎ በዚህ በኩል ትቀመጣለች።»

«አንቺስ?»

ከበሩ ተመልሳ፣ ጎንበስ ብላ ፍራሹ ላይ የወደቀውን አፈር በመዳፏ አራገፈችለት።